ሕመምተኛ ለምታስታምሙ፦ የሽንት ቱቦውን ልብ በሉ

በእኛ በጎጃም ሰው ሆስፒታል ሲተኛ አጠገቡ የሚያድረው፣ የሚያጎርሰውና የሚያገላብጠው ቤተሰቡ ስለሆነ፣ ሕመምተኛው እዚያው አዲስ ኢንፌክሽን እንዳይዘው በመከላከል ረገድ አስታማሚው ከነርሶቹ ያላነሰ ድርሻ አለው። አስቀድማችሁ ልታስተውሉት የሚገባው የሽንት ቱቦውን (ሽንቱን ከፊኛው ወደ ከረጢት እንዲያወርድ የሚገባለትን ካቴተር) ነው። የሽንት ከረጢቱ ወለል ሳይነካ ምንጊዜም ከፊኛው ዝቅ ብሎ መንጠልጠል አለበት፤ ሕመምተኛው ወደ ራጅ ክፍል ሲወሰድ ከረጢቱ ሆዱ ላይ ከተቀመጠ (ይህን በዓይኔ አይቻለሁ) ያደረው ሽንት ጀርም ይዞ ወደ ፊኛው ሊመለስ ይችላል። ቱቦው በቆየ ቁጥር የኢንፌክሽኑ ዕድል ስለሚጨምር፣ በማለዳው ዙር «ዛሬስ ያስፈልገዋል?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም። ሕመምተኛውን ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም እጃችሁን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ታጠቡ፤ እጃችሁ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለበት በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ይበቃል። ራሱን መገላበጥ ለማይችል ሰው የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎኑን ቀይሩለት። «እግዚአብሔር ይማርህ» ለማለት የሚመጡ ዘመዶችም አልጋው ላይ እንዳይቀመጡና እጃቸውን ሳያጸዱ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው እየጨበጡ እንዳይዞሩ በትሕትና ንገሯቸው።