ማየሊንና ግሮውዝ ፋክተር ሳይምታታባችሁ እንዴት ታጠናላችሁ

ደብረ ብርሃንም ሆነ ሌላ የሰሜን ሸዋ ከተማ ሆናችሁ ባዮሎጂ ወይ ጤና የምትማሩ ልጆች፣ ማየሊን (የነርቭን ክር የሚሸፍነው ቅባታማ ሽፋን) ላይ ስትደርሱ ፒዲጂኤፍ፣ ኤፍጂኤፍ፣ አይጂኤፍ እያላችሁ የግሮውዝ ፋክተር (ሴል እንዲያድግና እንዲባዛ መልእክት የሚያደርሱ ፕሮቲኖች) ዝርዝር አትሸምድዱ፣ ከፈተና በኋላ አንዱም አይቀርም። አንድ ሴል ያዙና ከልጅነቱ ጀምሮ ተከተሉት።

ወረቀቱን አግድም አድርጋችሁ ረጅም መስመር አስምሩ። ግራ ጫፍ ላይ ገና ያልበሰለው ሴል (ኦፒሲ የሚሉት)፣ ቀኝ ጫፍ ላይ የነርቩን ክር በማየሊን ልክ እንደ ጋቢ ደራርቦ የሚጠመጥመው ኦሊጎዴንድሮሳይት።

አሁን ግራው ላይ ፒዲጂኤፍ-ኤኤ ጻፉ። ከአስትሮሳይት (የነርቭ ሴሎችን ከሚደግፍ የአንጎል ሴል) እና ከነርቭ ሴሎች ይወጣና ኦፒሲው ላይ ያለውን አልፋ ተቀባይ (መልእክቱን የሚቀበል ፕሮቲን) ይይዛል፣ ሴሉ እንዲባዛና እንዳይሞት ያደርገዋል። የተመራማሪው ማርቲን ራፍ ቡድን በ1988 እ.ኤ.አ. ከአይጥ የዓይን ነርቭ በወሰዱት ሴል ላብ ውስጥ ያሳዩት ይሄንን ነው። ፒዲጂኤፍ-ኤ የሌላት አይጥ ኦፒሲዋ በጣም ያንሳል፣ ማየሊኗም ያንሳል፣ ትንቀጠቀጣለች።

ቀጥሎ ኤፍጂኤፍ-2፣ እዚህ ጋ ረጋ በሉ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከፒዲጂኤፍ ጋር ሆኖ ኦፒሲው ላይ ሲያርፍ ሴሉ ሳይበስል እየተባዛ እንዲቆይ ያደርገዋል፣ የበሰለው ሴል ላይ ግን የኤፍጂኤፍ ተቀባዮች በኢአርኬ (ሴል ውስጥ መልእክት በሚያስተላልፍ ፕሮቲን) በኩል ማየሊኑ እንዲወፍር ይረዳሉ። ስለዚህ «ኤፍጂኤፍ ማየሊን ይከለክላል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግማሹን ብቻ ነው የጻፋችሁት፣ ሁልጊዜ ሴሉ ስንት እድሜ ላይ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

አይጂኤፍ-1 ከመሃል ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ሴሉን በህይወት ያቆያል ማየሊኑንም ይጨምራል። ከስሩ በሌላ ቀለም መልእክቱን ሴሉ ውስጥ የሚቀባበሉትን ፒአይ3ኬ፣ ኤኬቲ፣ ኤምቶር ብላችሁ አስከትሉ፣ በቃ።

ታይሮይድ ሆርሞንን እንዳትረሱት። ግሮውዝ ፋክተር አይደለም፣ ግን ኦፒሲው መባዛቱን አቁሞ እንዲበስል ሰዓቱን የሚነግረው እሱ ነው፣ ላብ ውስጥ ፒዲጂኤፍ ብቻ ካለ ሴሉ መባዛቱን ይቀጥላል። ሆርሞኑ ደግሞ ያለ አዮዲን አይሰራም። እኛ ደጋ ላይ እንቅርት የማያውቅ የለም አይደል፣ እንግዲህ እርጉዝ እናት አዮዲን በጣም ካጠራት ጉዳቱ አንገቷ ላይ ብቻ አይቆምም የልጁም አንጎል ይጎዳል፣ እና ቤት ስትሄዱ አዮዲን ያለው ጨው እንዲገዙ፣ በክዳን እንዲይዙት፣ ወጡ ሊወርድ ሲል እንዲጨምሩት ንገሯቸው እባካችሁ።

ሽዋን ሴልን እዚህ መስመር ላይ አታስገቡት፣ እሱ ማየሊን የሚሰራው ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ውጪ ነው። እዚያ የማየሊኑን ውፍረት የሚወስነው ነርቩ ላይ ያለው ኒውሬጉሊን-1 የሚባል ግሮውዝ ፋክተር ነው፣ አንጎል ውስጥ ግን ያለሱም ማየሊን ይሰራል። ለሽዋን ሴል ሌላ ወረቀት ያዙ።

ስትጨርሱ ወረቀቱን ገልብጡና ጓደኛችሁ አንድ ተቀባይ መርጦ «ይሄ ቢጠፋስ?» ይበላችሁ፣ ሴሉ የቱ እድሜ ላይ እንደሚቆም ካልመለሳችሁ እዛችው ቦታ ላይ ተመለሱ።