ጣርማበርን ሲወርድ ዝም የሚል ማግኔቶ

የአንድ ትራክተር ማግኔቶ፣ ለሞተሩ የማቀጣጠያ እሳት የሚያመነጨው ዕቃ፣ ደብረ ብርሃን ጋራዤ ውስጥ ሞርሳ ላይ አስሬ ሳዞረው ሰማያዊ እሳት ይተፋ ነበር። “አልቋል፣ ይውሰዱት” አልኳቸው ባለቤቱን። የጣርማበርን ተራራ ወርዶ፣ ቆላው ሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሾና ሽንኩርት የሚያመርቱ አባት ናቸው። ትራክተሩ አሮጌ ፋርሞል ኤች ነው፤ ከ1939 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ በቤንዚን የሚነዳው። በሁለተኛው ቀን ደወሉልኝ። “አንተ ልጅ፣ ይነሳል፣ ሃያ ደቂቃ ይሠራና ይሞታል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይነሳል። ጋኔን አለበት እንዴ?”

ጋኔን የለበትም። እኔ ነኝ በብርድ ሞክሬው ለሙቀት የፈረድኩለት።

ማግኔቶ ባትሪ አይፈልግም። ማግኔቱ ሲዞር ኮይሉ (አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለበት) ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ኮንታክቱ (የሚገጥምና የሚከፈት ጥንድ የብረት ጫፍ) በተከፈተባት ቅጽበት ያ ኤሌክትሪክ ብዙ ሺህ ቮልት ሆኖ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን ወደሚያቀጣጥለው ካንዴላ ይሄዳል። ማጥፊያው የሚሠራው ከመኪና በተቃራኒ ነው። መስመር አይቆርጥም፣ ኮይሉን ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኛል እንጂ። ስለዚህ እሳት ጠፋ ብላችሁ ማግኔቶ ከመፍታታችሁ በፊት የማጥፊያውን ሽቦ ነቅላችሁ ሞክሩ። ልባሱ ተልጦ ብረት የነካ አንድ ሽቦ ስንት ጤነኛ ማግኔቶ በከንቱ አስፈትቷል!

ቀጥሎ የካንዴላውን ካቦ ጫፍ ከሞተሩ ብረት 6 ሚሊ ሜትር ያህል አርቃችሁ አስሩና ማኖቬላውን (ሞተሩን በእጅ ማስነሻውን ብረት) አዙሩ። ማግኔቶው “ቀጭ” ሲል ወፍራም ሰማያዊ እሳት መዝለል አለበት። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ደክሟል። ካቦውን በእጅ አትያዙ። እሳቱ የሚወጣበት መንገድ ሳታበጁም አታዙሩ፤ መውጫ ያጣ ቮልት የኮይሉን ልባስ በስቶ ይወጣል።

የደጋ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ገደማ። ስስ አየር ውስጥ እሳት ርቆ ይዘላል፤ እኛ ጋ 6 ሚሊ ሜትር የዘለለው እዚያ ሲወርድ 5 ላይ ሊቀር ይችላል። ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየርም ቆላ ላይ ስለሚበዛ ካንዴላው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። አሁን ወደ ቆላ የሚሄደውን በ7 ነው የምፈትነው።

ሲፈታ የትኛው ካቦ ከየት እንደወጣ ምልክት አድርጉ፤ የዚህ ሞተር ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ለዓመታት የቆመ ትራክተር ኮንታክቱ ዝገት ይዞ ነው የሚገኘው። የብርጭቆ ወረቀት አልወድለትም፣ ደቃቁ ውስጡ ይቀራል። ቀጭን ሞረድ አንድ ሁለቴ ካሳለፍኩ በኋላ የሰርግ መጥሪያ ካርድ ቆርጬ ቤንዚን አስነክቼ በመሃሉ እጎትተዋለሁ። ካርዱ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ነው፤ ለዚህ ሥራ ያልሄድኩበት ሰርግ መጥሪያ ሁሉ ተቀምጦልኛል። ክፍተቱ 0.33 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው ደግሞ 0.6 ገደማ።

ኮንታክቱን ከመቃጠል በሚጠብቀው የድሮ ኮንዴንሰር ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ ቀይሩት። 0.22 ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት የሚል ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገዝቶ ማሰር ይቻላል። የሚዞረውን ማግኔት ግድ ካልሆነባችሁ አታውጡት፤ ካወጣችሁት ሁለቱን ጫፎች የሚያያይዝ ብረት አልብሱት፣ አለዚያ ጉልበቱ ሊቀንስ ይችላል።

ወደ ኮይሉ እንምጣ፤ እኔን ያዋረደኝ እሱ ነው። በቴስተር ሲለካ ወፍራሙ ሽቦ 1 ኦም ገደማ ወይም ከዚያ በታች፣ ቀጭኑ በሺዎች የሚቆጠር ኦም ያሳያል። የኔም ይህንኑ አሳይቶ ነበር፣ ቀዝቃዛ ስለነበረ። አሁን ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ፣ ምጣዱ ለእጅ የሚያስችል ያህል ሲቀዘቅዝ፣ ኮይሉን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬበት አክንባሎውን እደፋለሁ። “ለሱም እርሾ ጣልክበት?” ትላለች። ምጣዱ እጅ ካላስቻለ ግን አትቸኩሉ፣ ሬንጅ መሳይ ሽፋኑ ይቀልጣል። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ እንደሞቀ እለካዋለሁ። ሙቀቱ ከነበረበት በ40 ዲግሪ ሲጨምር ኦሙ በ16 በመቶ ገደማ ቢጨምር የመዳብ ጠባይ ነው። የሸዋ ሮቢቱ ኮይል ግን ሲሞቅ ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ጭራሽ ጠፋ፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ መጣ። ፀጉር የምታክል ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሳ፣ በብርድ ትነካካለች፣ በሙቀት ትላቀቃለች። በሌላ ኮይል ቀየርኩት።

ቴስተር ሁሉንም አያሳይም። እርስ በርሱ የተነካካ ሽቦ ኦሙ ደህና መስሎ እሳቱን ይገድላል። ስለዚህ እንደሞቀ ማግኔቶው ላይ መልሳችሁ እሳቱን እንደገና እዩ።

ሲገጠም አንደኛውን ፒስተን በመታመቂያው ምት ጫፍ ላይ አድርሱት። በማኖቬላ ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ “ቀጭ” የምትለው ድምፅ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ መሰማት አለባት። ቀድማ ከተሰማች ሞተሩ ወደኋላ ይመታል፣ ክንድ ይሰብራል። ቡሎኖቹን አላልታችሁ የማግኔቶውን አካል በማዞር አስተካክሉ። ማኖቬላ ስትይዙ አውራ ጣታችሁ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን።

ሁለተኛውን ጊዜ እኔው ራሴ ወረድኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ በዚያ ፀሐይ ሠራ፣ አልሞተም። እናጥፋው ስንል ግን እምቢ አለ። ለፍተሻ የነቀልኩትን የማጥፊያ ሽቦ መመለስ ረስቼ ኖሯል! የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግተን፣ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ጠጥቶ እስኪጨርስ አባትየው ከትከት ብለው እየሳቁ ቆመን ጠበቅነው።