የባሕርን ለውጥ በሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ለልጆች ማሳየት

ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባሕር እየሞቀና አሲዳማነቱ እየጨመረ መሄዱን ሳስተምር አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ባሕር አይተው አያውቁም። ግን ሐይቅ አላቸው። በሐይቁ ውስጥ ደግሞ የባሕር ዙፕላንክተን ዘመዶች ሞልተዋል። እነዚህ ከውሃው ጋር የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳት ናቸው። አልጌ ይበላሉ፣ እነሱን ደግሞ የዓሣ ጫጩት ይበላቸዋል። እነሱ ሲጎዱ ከላያቸው ያለው ሁሉ ይጎዳል። ይህን ትምህርት ክፍል ውስጥም ቤት ውስጥም ለመስጠት ለምትፈልጉ፣ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መረብ ያስፈልጋል። የሴቶች ስቶኪንግ በቂ ነው። አፉን በክብ ሽቦ ላይ ስፉት። ጣቱን ቁረጡና ትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ በላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩበት። ሽቦው ላይ በሦስት በኩል ሲባጎ አስራችሁ ከአንድ ረጅም ገመድ ጋር አገናኙት። እንዲሰምጥ ከጠርሙሱ አጠገብ ትንሽ ድንጋይ ይታሰርበት።

ዙፕላንክተን ቀን ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲመሽ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ የሚገኘው በምሽት ነው። ሲመሽ ግን ጉማሬውም ይወጣል። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ማለዳ ሂዱ፣ ንፋሱ ሳይነሳ። እግራችሁን ውሃ ውስጥ አትንከሩ፣ ሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ። እኔ ከአሞራ ገደል ጀልባ እይዛለሁ። መረቡ በዝግታ ካልተጎተተ ውሃው ከአፉ እየተገፋ ይመለሳል። ቀዛፊውን «ጋሼ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉልን» እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ «ይሄ ደግሞ ምን ሊይዝ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስቼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «የቆሮሶ ጫጩት የሚያድገው በዚህ ነዋ!» አሉ። በትክክል።

ጠርሙሱን ከጥቁር ወረቀት ፊት አድርጉና በስልክ መብራት ከጎን አብሩበት። እየዘለለ የሚሄደው ነጭ ነጥብ ኮፔፖድ ነው። ማይክሮስኮፕ ካላችሁ ሴቷን ፈልጉ። ከጅራቷ ግራና ቀኝ ሁለት የእንቁላል ከረጢት ተሸክማለች። እንቁላሎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ልጆች እዚህ ላይ ሲደርሱ ቦታቸውን ለሌላ መልቀቅ አይፈልጉም። አትቸኩሉ፣ ይዩ።

ቀጥሎ ሙቀት። ከያዛችሁት ውስጥ ዲያፋኖሶማ የሚባለውን ፈልጉ። ሰውነቱ እንደ መስታወት ያሳልፋል፣ ልቡ ከጀርባው በኩል ስትመታ ትታያለች። ግማሹን ውሃ ጥላ ውስጥ አቆዩት። ግማሹን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ አስቀምጡና ቀስ በቀስ እንዲሞቅ አድርጉ፣ ግን ከ30 ዲግሪ አይለፍ። ከሁለቱም ጠብታ ወስዳችሁ ልቡን በስልክ ስሎው ሞሽን ቅረጹና ምቱን ቁጠሩ። የሞቀው ይፈጥናል። ልብ የፈጠነበት እንስሳ ብዙ ጉልበት ያቃጥላል፣ ብዙ ምግብም ይፈልጋል። ችግሩ፣ ባሕር ከላይ ሲሞቅ የላይኛውና የታችኛው ውሃ እንደልብ አይደባለቅም። ከታች የሚመጣው ማዳበሪያ ይቀንሳል፣ አልጌውም ያንሳል። ፍላጎት ጨመረ፣ ምግብ ቀነሰ ማለት ነው። በሙቅ ውሃ ያደገ ኮፔፖድ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል፣ ሰውነቱ ግን ያንሳል።

ሙቀት የሚያመጣው ለውጥ በአውሮፓው ሰሜን ባሕር ታይቷል። ከ1931 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የንግድ መርከቦች ከኋላቸው በሐር ጨርቅ ዙፕላንክተን የሚያጠራቅም መሣሪያ እየጎተቱ ነው። የኛ ስቶኪንግ ታላቅ ወንድም በሉት። በዚያ መዝገብ መሠረት ቀዝቃዛ ውሃ የሚወደውና ስብ የሞላው ካላነስ ፊንማርኪከስ የተባለው ኮፔፖድ ወደ ሰሜን ሸሽቷል። ቦታውን ሙቀት የሚወደው ካላነስ ሄልጎላንዲከስ ይዞታል። እሱ ግን የሚበዛበት ወቅት ሌላ ነው። የኮድ ዓሣ ጫጩቶች በሚፈለፈሉበት፣ የአውሮፓ ብርድ እንዳለፈ በሚመጣው ጸደይ፣ የለመዱት ምግብ አነሰባቸው።

አሁን አሲዱ። ለዚህ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅላችሁ ውሃውን አጥልሉ፤ ቀለሙ አሲድ ሲያገኝ ወደ ቀይ ይለወጣል። ሦስት ብርጭቆ አዘጋጁ። በአንዱ የዝናብ ውሃ፣ በሁለተኛው የሐይቁን ውሃ ጨምሩ። ሦስተኛው «ባሕር» ነው፦ በአንድ ሊትር የዝናብ ውሃ 35 ግራም ጨውና አንድ ትንሽ ቁንጥጫ ቤኪንግ ሶዳ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ እሱ ውስጥ አሲድ አለ። በሁሉም ላይ እኩል የጎመን ውሃ ጠብ አድርጉ። ከዚያ ልጆቹ በስትሮ ይንፉበት። እንዳይስቡ አስጠንቅቁ። ከትንፋሻችን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ቀድሞ ወደ ቀይ የሚያደላው የዝናቡ ውሃ ነው። ባሕሩ ይከተላል። የሐይቁ ውሃ ግን አሻፈረኝ ይላል፣ ቀለሙን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል። አሲድን የሚያለዝበው ባይካርቦኔቱ ከባሕር ውሃ ይበልጣላ።

ስለዚህ የሐዋሳ ሐይቅ እንደ ባሕር አሲዳማ እየሆነ ነው ብላችሁ አታስተምሩ። የባሕሩን ነገር የምናሳየው በሦስተኛው ብርጭቆ ነው። የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ባሕር ይውጠዋል። ፒኤቹ (አሲድነትን የሚለካው ቁጥር፣ ሲወርድ አሲዱ ጨመረ ማለት ነው) ከ8.2 ገደማ ወደ 8.1 ገደማ ወርዷል። ልጆች «ይሄ ምን አላት?» ይላሉ። የፒኤች ቁጥር ግን እንደ ተራ ቁጥር አይቆጠርም። ይህች ትንሽ ልዩነት አሲድን አሲድ በሚያደርገው በሃይድሮጅን አዮን ሲለካ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ናት።

መጨረሻ ላይ ዛጎል። ሐይቁ ዳር የደረቀ ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ልቀሙ፣ እጃችሁንም ታጠቡ። አቼቶ ከውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ቅርፊቱን ለአንድ ሌሊት ንከሩት። በማግስቱ ፊቱ ደብዝዞ፣ ጠርዙ ሳስቶ በጣት ይፈረካከሳል። እዚህ ላይ ለልጆች እውነቱን መንገር አለብን፣ ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ባሕር አቼቶ አልሆነም። ፒኤቹ አሁንም ከ8 በላይ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው የጨመረው ሃይድሮጅን ካርቦኔቱን እየያዘ ስለሚያስቀረው ነው። ካርቦኔት ደግሞ ቅርፊት የሚሠራበት ጡብ ነው። ሲያንስ ቅርፊት መሥራት ይከብዳል፣ በጣም ሲያንስ የተሠራውም ይሟሟል።

ቴሮፖድ የምትባለው በባሕር የምትንሳፈፍ ደቃቅ ቀንድ አውጣ ቅርፊቷ አራጎናይት ነው፣ የኛ ሐይቅ ቀንድ አውጣም እንደዚያው። አራጎናይት በቀላሉ የሚሟሟ የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ነው። በ2008 ከደቡባዊው ውቅያኖስ የተያዙ ቴሮፖዶች በሕይወት እያሉ ቅርፊታቸው ተቦርቡሮ መገኘቱን ተመራማሪዎች በ2012 አሳትመዋል።

«አይለምዱትም?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮፔፖድ ቶሎ ቶሎ ስለሚዋለድ የመልመድ ዕድል አለው። አካርሺያ ቶንሳ የተባለውን ኮፔፖድ በሞቀና አሲዳማነቱ በጨመረ ውሃ ውስጥ ለብዙ ትውልድ ያራቡ ተመራማሪዎች መጀመሪያ ሲያገግም አይተዋል። ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም። ለልጁ ይህንኑ ንገሩት፣ ሳትጨምሩም ሳትቀንሱም።

የተረፈውን ዙፕላንክተን በዚያው ቀን ወደ ሐዋሳ ሐይቅ መልሱት። ጎመንና አቼቶ የነካውን አይደለም። ሌላ ሐይቅም አይሁን። ስቶኪንጉን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ለቀጣዩ ክፍል ያገለግላል።