የደረት ሕመሙ ለቆኝ ድካሙ ለምን አልለቀቀኝም?

ምልክቱ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ እንበል። አባወራው 20 ሊትር ጄሪካን ተሸክሞ ሲወጣ ደረቱን ጭምድድ አድርጎ ያዘው። ላብ አጠመቀው። ደረጃው ላይ ቁጭ ሲል ለቀቀው። ጎረቤት "ጋሼ፣ ብርድ መትቶዎት ነው" አለ፤ ዝንጅብል ሻይ ተፈላ። በማግስቱ ሕመም የለም፤ ግን አንድ ፎቅ ሳይወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ይህ ብርድ ሳይሆን የልብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለባቸውና አዛውንቶች ደግሞ ሕመሙ ጭራሽ ላይሰማቸው ይችላል። ትንፋሽ ማጠር ብቻ ይሆናል።

ምክንያቱ

የልብ ጡንቻ የራሱ የደም ቧንቧዎች አሉት። አንዱ ሲዘጋ ያ ክፍል በሰከንዶች ውስጥ መኮማተር ያቅተዋል። ሕመሙ የሚመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ተመራማሪዎቹ ቴናንትና ዊገርስ እ.ኤ.አ. በ1935 ውሾች ላይ ያዩት ይህንኑ የመኮማተር መቆም ነው። ኦክስጅን ሲያጥር አሲድና ፎስፌት ይጠራቀማል፤ ጡንቻውን እንዲኮማተር የሚያዘው ካልሲየም ቢኖርም ጡንቻው በደንብ አይታዘዝለትም።

ደሙ ሲመለስስ? ብዙ ሰው ጡንቻው ወዲያው የሚድን ይመስለዋል፤ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካልሲየም ከልክ በላይ ወደ ሴሉ ይገባል፤ ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች ይፈጠራሉ፤ የሚያኮማትሩት ፕሮቲኖች ይጎዳሉ። ሴሉ አልሞተም፣ ደምም አለው፣ ጉልበት ግን የለውም። የልብ ሐኪሞቹ ብራውንዋልድና ክሎነር እ.ኤ.አ. በ1982 ስለዚህ የደነዘዘ ጡንቻ ጽፈዋል። ለማገገም ሰዓታት፣ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል።

ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ጠቦ ከቆየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጡንቻው የደከመው ደም ስላነሰው ስለሆነ፣ ቧንቧውን በስቴንት (ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ወይም በቀዶ ሕክምና መክፈት ሊያነሳው ይችላል።

መፍትሄው

ሕመሙ አሁን ካለ ሸክሙን አውርዱ፣ ቁጭ በሉ፣ አምቡላንስ ለመጥራት 907 ወይም 939 ደውሉ። "ጠዋት እንሄዳለን" አይባልም። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ 20 ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ራሱ ጊዜ ይበላል።

ለቀቀኝ ካላችሁም በዚያው ቀን ታዩ። ድካሙ የመደንዘዝ ይሁን የሞተ ጡንቻ፣ በስሜት አይለይም። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና የትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን) የደም ምርመራ ይደረጋል፤ ኢሲጂው ደህና ቢመስልም ሊደገም ይገባል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ደግሞ የትኛው ክፍል እንደደከመ ያሳያል።

ኢኮው "ልቡ ደክሟል" ካለ ተስፋ አትቁረጡ። ቤተሰብ ይህን ሰምቶ ለቅሶ ሲጀምር ያሳዝነኛል፤ ያ ጡንቻ ገና ሊመለስ ይችላልና። ሐኪሙን "መቼ ይደገም?" ብላችሁ ጠይቁ። እስከዚያ የታዘዘው መድኃኒት አይቋረጥ፤ ጄሪካኑንም ሌላ ሰው ይሸከም። የመጀመሪያውን የኢኮ ወረቀት አትጣሉ፤ ሁለተኛው የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።