ያረጀ አንጎል ላይ ካልሲየም ስታጠኑ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ስላይዱን ይዞ እየሮጠ መጣ። «ባረጀችው አይጥ ካልቢንዲን ጨምሯል!» አለኝ። ካልቢንዲን በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ካልሲየም የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ደስታውን ማጥፋት ከበደኝ። ግን ማይክሮስኮፑን ገና እንዳየሁ ገባኝ። የሚያበራው ሊፖፉሲን ነበር።

የነርቭ ሕዋስ አይከፋፈልም። ፈጭቶ ማስወገድ ያቃተው ቆሻሻ በዕድሜ ብዛት ውስጡ ይጠራቀማል። ይህ ሊፖፉሲን የሚባለው ክምችት ምንም ቀለም ሳይነካው በራሱ ያበራል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ካልቢንዲን የሕዋሱን አካል ሞልቶ ይታያል፤ ሊፖፉሲን ግን ኒውክሊየሱ አጠገብ እንደ ጤፍ ፍሬ ተሰብስቦ ይቀመጣል። በአረንጓዴውም በቀዩም ፊልተር ይታያል። እኔም ስጀምር ሁለት ወር ሙሉ እሱን ስቆጥር ከርሜአለሁ። እባካችሁ፣ ሁልጊዜ አንድ ቁራጭ ያለ መጀመሪያው አንቲቦዲ (ካልቢንዲንን ፈልጎ ከሚይዘው) አዘጋጁ። ቁራጩ ደግሞ ካረጀው እንስሳ ይሁን! ከወጣቱ ወስዶ «ንጹሕ ነው» የሚለኝ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ወጣቱ መጀመሪያውኑ ምን ሊፖፉሲን አለው?

«ወጣት» ስትሉም ዕድሜውን አስቡበት። የ1 ወር አይጥ ገና በማደግ ላይ ያለ ሕፃን ነው። ከ24 ወሩ ጋር ካወዳደራችሁት እድገትንና እርጅናን ደባለቃችሁ። የ6 ወር ውሰዱ።

አንጎሉን በጅምላ አትፍጩ። የሴሬቤለም (ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል) ፑርኪንየ ሕዋሳት በካልቢንዲን የተሞሉ ናቸው፤ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ ውስጥ ያለውን ቅናሽ ይሸፍኑባችኋል።

የፕሮቲኑን ብዛት አይታችሁ ሥራውን አትገምቱ። ይህ በጣም ያሳስበኛል። የነርቭ ሕዋስ በውስጡ ያለውን ነጻ ካልሲየም ከውጭው 10,000 ጊዜ ያህል ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ለዚህ ከሚረዱት አንዱ ካልሲየምን ወደ ውጭ የሚገፋው የሽፋኑ ፓምፕ ነው፤ ፓምፑን የሚያነቃቃው ደግሞ ካልሞዱሊን የሚባል ፕሮቲን። በእርጅና ጊዜ የካልሞዱሊን ሜታዮኒኖች (ፕሮቲኑ ከተሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ዓይነት) ኦክሳይድ ሲሆኑ ፓምፑን የማነቃቃት አቅሙ ይደክማል። የፕሮቲን ብዛት በምናይበት ጄል ላይ ግን የካልሞዱሊኑ መስመር እንደ ወጣቱ ወፍራም ሆኖ ሊታይ ይችላል። «ለውጥ የለም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የፓምፑን ሥራ ለኩ። ተመራማሪዎቹ ላንድፊልድና ፒትለር በ1984 ያረጁ ራቶች ሂፖካምፐስ ውስጥ ሕዋሱ ምልክት ከላከ በኋላ ካልሲየም የሚያስከትለው ዕረፍት መርዘሙን ያሳዩት የሕዋሱን ሥራ ራሱን ለክተው ነው።

ካልሲየም የምንለካበትን ቀለም፣ ፉራ-2ን አታብዙ። ቀለሙ ራሱ ካልሲየም ይይዛል፤ የምትፈልጉትን ልዩነት ይውጠዋል።

በመጨረሻ፣ ዘመድ «እማማ የሚረሱት ካልሲየም አንሷቸው ይሆን?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ዘላችሁ አዎ አትበሉ። እኛ የምናጠናው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ቶሎ ስለማይወጣ ካልሲየም ነው። የወተት ማነስ ሌላ ጉዳይ ነው። የመርሳት ምክንያቱ ብዙ ስለሆነ ሐኪም ይያቸው በሏቸው።