የደበዘዘ የጦር ሜዳ ፖስታ ካርድ ማኅተም ለማንበብ

እ.ኤ.አ. በ1916 የተላከ የጀርመን የጦር ሜዳ ፖስታ ካርድ ላይ ያለው ሐምራዊ የጦር ክፍል ማኅተም አልነበብ ብሎኝ ሰነበተ። አጉሊ መነጽር አልረዳኝም። በኮምፒውተር ሳጎላው የወረቀቱ ቢጫነት አብሮ ጠቆረ። ማርጠብ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ብዙ ወታደሮች የጻፉበት ኮፒያ እርሳስ (በውሃ የሚሟሟ ቀለም ያለበት እርሳስ) ውሃ ሲነካው ይፈስሳል፣ ጽሑፉም ይጠፋል።

መፍትሔ የሆነኝ ይህ ነው። ካርዱን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ የግድ በባለቀለም፣ ስካን አድርጌ በቲፍ የምስል ፋይል አስቀመጥኩት። ጊምፕ በተባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም «ከለርስ»፣ «ኮምፖነንትስ»፣ «ዲኮምፖዝ» ገብቼ አርጂቢን (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ የሚነጥለውን) መረጥኩና አረንጓዴውን ንብርብር ብቻ አስቀረሁ። ሐምራዊ ቀለም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ ማኅተሙ ጠቁሮ ወጣ። የድምቀትና የጥቁረት ማስተካከያ በሆነው በ«ሌቭልስ» ጥቂት ሳስተካክለው የሬጅመንቱ ቁጥር፣ ጠርዝ ላይ የተቆረጠችው የመጨረሻ አኃዝ ሳትቀር፣ ቁልጭ ብሎ ታየ። ለጥቁር ማኅተም ግን ዘዴው ያን ያህል አይጠቅምም።