ሩቅ ዓለማትን በብርሃን ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማርስን በብርሃን ለማሳየት የሚነሡ ብዙ የጥበብ ሰዎች አዳራሹን በቀይ መብራት ያጥለቀልቁታል። ቀይ የሆነው ግን አፈሩ እንጂ ብርሃኑ አይደለም። የማርስ የቀን ሰማይ ከአቧራው የተነሣ ወደ ቡናማ ቢጫ ያደላል፤ ጀምበር ስትጠልቅ ደግሞ ደቃቁ አቧራ ሰማያዊውን ብርሃን ከሌላው ይልቅ ወደ ተመልካቹ ስለሚያሳልፍ በፀሐይዋ ዙሪያ ያለው ሰማይ ሰማያዊ ይሆናል። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንኑ በባለ ቀለም ፎቶግራፍ አስቀርታዋለች። ቀይ አፈር ላይ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ብርሃን አሳርፎ ምሽቱን በሰማያዊ መጨረስ ለእውነቱ ይቀርባል፤ እንደ እኔ እምነት ይበልጥ የሚያስደንቀውም ይኸው ነው።

አንድ ቀለም ብቻ መጠቀም በራሱ ጥፋት አይደለም። የጥበብ ሰው የሆነው ኦላፉር ኤልያሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ለንደን በሚገኘው ቴት ሞደርን በተባለው ሙዚየም ያቆመው ሰው ሠራሽ ፀሐይ ግማሽ ክብ ብቻ ሲሆን ሙሉ ያደረገው የጣሪያው መስተዋት ነበር፤ መብራቶቹም ጎብኚው ከቢጫና ከጥቁር በቀር ሌላ ቀለም እንዳይለይ ታስበው የተመረጡ ነበሩ።

ሁለተኛው ስህተት የቴሌስኮፕ ምስልን ዓይን እንደሚያየው አድርጎ ማቅረብ ነው። ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በአብዛኛው የሚቀበለው ዓይናችን የማያየውን ከቀይ በታች ያለውን ጨረር ስለሆነ ቀለሙን የሚሰጡት ባለሙያዎች ናቸው። ምስሉን መጠቀም አይከለከልም፤ «እዚያ ብትሄዱ ይህን ታያላችሁ» ማለት ግን ተመልካችን ማሳሳት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጥድፊያ ነው። ዓይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በብርሃን የሚሠራው የጥበብ ሰው ጄምስ ቱሬል እ.ኤ.አ. በ1983 በፒትስበርግ የሠራውና በከዋክብት ክምችት ስም «ፕሌያዲስ» ያለው ክፍል ይህን በማወቅ የተሠራ ነው፤ የገባ ሰው መጀመሪያ ምንም አያይም፣ ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ግን እጅግ ደካማ የሆነ ብርሃን ብቅ ይልለታል። አንድ የስልክ መብራት ይህን ሁሉ ትዕግሥት ስለሚያፈርስ፣ ስልክ በር ላይ ይቀመጥ፤ መግቢያውም በጨለመ ኮሪደር በኩል ይሁን።

መጠንን መዘንጋትም አለ። የማርስ ስፋት የጨረቃን እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል ስለማይቀረው፣ ሁለቱን እኩል አድርጎ ጎን ለጎን መስቀል ያሳስታል። የጥበብ ሰው የሆነው ሉክ ጄራም የሠራት የጨረቃ ምስለ ሉል 7 ሜትር ስፋት ሲኖራት እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይወክላል፤ ይህ አንድ መስመር ግድግዳው ላይ ቢጻፍ ጎብኚው በአውራ ጣቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሸፍን ራሱ ያሰላል።